ቀዳዳዋን የጠየቃት የለም

አንድ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ክረምቱ አልወጣ ብሎ ሰማይና ምድር የተጣበቁ በመሰሉበት ዘመን፣ አራት እንስሳት ከብርዱ ሸሽተው አንድ ዋሻ ገቡ። አያ አንበሶ፣ አያ ጅቦ፣ እሜቴ ቀበሮ፣ አህያም ከነውርንጭላዋ። እሳት ከየት አገኙ ብላችሁ አታድርቁኝ፤ ብቻ አገኙ። መጀመሪያ አንበሳ አነደደ። ከዚያ ሌሎቹም በየጥጋቸው የየራሳቸውን ለኮሱ። ጭሱ የሚወጣው ግን ጣሪያው ላይ ባለች አንዲት ቀዳዳ ነበር።

እዚያ ጣሪያ ላይ የሌሊት ወፍ ተንጠልጥላ ትኖራለች። ጭስ ከላይ ሞልቶ አይደል ወደ ታች የሚወርደው? እሷ ጋ ቀድሞ ደረሰ። በየማለዳው ጭሱ የደረሰበትን ግድግዳው ላይ በጥፍሯ ትጭርና ከጭረቱ በታች ዝቅ ብላ ትንጠለጠላለች። ዝቅ ስትል፣ ዝቅ ስትል፣ ከአህያዋ ጆሮ ደረሰች። የአህያዋ ዓይን አለቀሰ። ደረቱ ያልጠናው ውርንጭላዋ ይስል ጀመር። ወለል ላይ የተጋደመው ጅብ ግን «የቱ ጭስ?» ይላል።

አንበሳ ሁሉንም ሰብስቦ ምን ያህል እንደሚቀንሱ ጠየቀ። እሱ ከግንዶቹ አንዱን አስቀራለሁ አለ። ጅብ አጥንት በማይጠብስበት ሰዓት ሊያጠፋ ቃል ገባ፤ አጥንት የማይጠብስበት ሰዓት እንደሌለው ያስታወሰው የለም። አህያማ ከገለባ በቀር ምን ነበራት? እሱንም እተዋለሁ አለች።

ቀበሮ ለስለስ ብላ ተነሳች። «እኔስ፣ ጌታዬ፣ ጨርሼ አጠፋለሁ። ክረምቱ ይውጣና።»

ይህ ደስ አሰኛቸው፤ ተመራርቀው ተለያዩ።

ሰንበት ሲል ጭሱ ከአንበሳ ጎፈር ደረሰ። ውርንጭላው መጥባት ተወ። አህያዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች። ይሄኔ አንበሳ የሌሊት ወፍን አስጠራ። ጅብ ከወፍ ወይ ከአውሬ የማትመደብ ምን ታውቃለች ብሎ አጉረመረመ።

«እኔን አትመኑኝ፣ አያ ጅቦ፤ ግድግዳውን እዩት» አለች። «እናንተ የተማከራችሁት ምን ብንቀንስ አይከብደንም ብላችሁ ነው። ቀዳዳዋን የጠየቃት የለም።»

«ደግሞ ቀዳዳ ትናገራለች?» አለ ጅብ።

«ትናገራለች እንጂ። የአንበሳ እሳት ብቻ ሲነድ ጭረቴ ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛው ሲጨመር ወረደ፤ ሦስተኛው ሲጨመር ባሰ። ይህች ቀዳዳ የአንድ እሳት ጭስ ነው የምትችለው። ቃላችሁን በእሷ ለኩ።»

አንበሳ ጭረቶቹን ከላይ እስከ ታች አያቸው። ከዚያ የየጥጉ እሳት ይጥፋ፣ ሁላችንም አንዱን ከበን እንሙቅ አለ።

አህያ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ጌታዬ፣ ከአያ ጅቦ ጋር አንድ እሳት?»

«መሃል እኔ እተኛለሁ።»

ውርንጭላዋን አየችው፤ ሳሉ ሲያንፈራግጠው። ሄዳ ተኛች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ መሃል የሚተኛው አንበሳ ሲሆን ግን ያስጥላል።

ቀበሮ ታዲያ ዝም ትላለች? ከቋጥኝ ጀርባ ትንሽዬ እሳት በእርጥብ ቅጠል ደበቀች። በማግስቱ ጭሱ ዝቅ ብሎ ተገኘ። የሌሊት ወፍ ማንንም አልከሰሰችም፤ አዲሱን ጭረት ብቻ አሳየች። አንበሳ የሁሉንም አፍንጫ በየተራ ቃኘ። ጥላሸት የነካው አንዱ ብቻ ነበር። ቀበሮም እሳቷን ረግጣ አጠፋችና አንገቷን ደፍታ ከመሃል ተቀላቀለች።

ጭሱ ባንድ ጊዜ አልለቀቀም። ቀስ እያለ ከጎፈር ወደ ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ ጣሪያ ሸሸ። አንድ ማለዳ ውርንጭላው ተነሥቶ ጠባ፤ ከዚያ ዋሻው እስኪያስተጋባ አናፋ። እናቱ ዝም በል አላለችውም።

ጅብ ዓይኑን እያሸ ተነፈሰ። «ጭሱስ ቀነሰ። የዚህን ልጅ ጠረን ማን ይቀንስልኝ?»

አንበሳ ዓይኑን ሳይገልጥ መዳፉን የጅብ ጅራት ላይ አሳረፈ።

ከዚህ የምንማረው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖር ሁሉ የሚቀንሰውን ጭስ ልክ በምቾቱ ሳይሆን ጣሪያው በሚችለው፣ ያንንም አይቶ ከለካው ጠይቆ መወሰን እንዳለበት ነው።