አውራ የሆነ ይለፍ

«ከመንገዱ ውረድ፤ በገደሉ ዙር» አሉት ግራዝማች እንግዳሸት አንዱን ባላገር፣ አሽከሮቻቸውን አስከትለው በቅሏቸውን መሀል መንገድ ላይ ገትረው።

ሰውዬው አውራ ዶሮውን በብብቱ ሸጉጦ ሊሸጥ ወደ ገበያ እየገሰገሰ ነበር። በገደሉ ከዞረ ገበያው ተበትኖ ይጠብቀዋል።

«ምነው ጌታዬ፣ መንገድ የሁሉ አይደለም እንዴ?»

«ይህ አውራ ጎዳና ነው። አውራ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እርስዎ ይንገሩኝ።»

«አውራ ማለት የበላይ፣ ፊት ፊት የሚሄድ ማለት ነው። አባቶቻችን እንዲህ ብለው የሰየሙት አውራ የሆነ ብቻ እንዲሄድበት ነው።»

«የአውራው ተከታይስ?»

«ተከታይማ ጌታውን ጥሎ የት ይሄዳል? ያልፋል።»

«ቃልዎ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ሰውዬው ዶሮውን ቀስ አድርጎ መሬት አወረደው። የእግሩን ገመድ እንደያዘ ለጥ ብሎ እጅ ነሣው።

«እንግዲያው አውራው እኚህ ናቸው፤ እኔ ተከታያቸው ነኝ። ያሳልፉን።»

ዶሮው ክንፉን አራግፎ ጮኸ። በቅሎዋ ደንብራ ግራዝማችን እንደተሸከመች ከመንገዱ ወጣች። አሽከሮቹ ሁሉ አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ።

ሰውዬው ከዶሮው ኋላ ቀስ እያለ ሲያልፍ አንዱ ሽማግሌ አሽከር ወደ ጆሮው ጠጋ አለና፦

«ቶሎ በል አንተ፤ ጌታህን ልትሸጣቸው እንደሆነ ሳይነቁብህ» አለው።