እንኮዬ የጠበቀችው ሙሽራ

የመርዶው ማለዳ የእድራችን ዳኛ አባ ጉልላት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከደጄ ቆሙ። ጎረቤቶቼ ከኋላቸው ነበሩ። ማንም ሳይናገር አወቅሁ፤ ባለቤቴ ዘርጋው ሆስፒታል ተኝቶ ነበር።

ዘርጋው ለክትባት ምርምር የሚያገለግሉ አይጦችን ሲመግብና ሲያስታምም የኖረ ሰው ነው። ከእራት በኋላ ለልጆቻችን የሚነግራቸው አንድ ተረት ነበረው። እንዳይጠፋ እጽፈዋለሁ።

ከብዙ ዘመን በፊት፣ በአንዲት አይጥ ገላ ውስጥ ስም የለሽ አገር ነበረች። በዚያች አገር ቤት ሁሉ ከምድጃው ከወጣው ዳቦ ቁራሽ ቆርሶ ከደጁ ይሰቅላል። ሐኪሞቹ ቲ ሴል የሚሏቸው በሽታ ተከላካዮች፣ ዘርጋው ግን ዘብ የሚላቸው፣ ከደጅ ደጅ እየዞሩ «ከጓዳችሁ ምን አለ?» ይላሉ። «የራሳችን ነው» ሲባሉ ቁራሹን አይተው ያልፋሉ።

ዘብ የሚሆኑት ከልብ በላይ ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት ተምረው ነው። የገዛ ወገኑን የሚነክስ ይባረራል፤ ደጅ የተሰቀለውን አጥርቶ ማየት ያቃተውም ይባረራል። ያለፈው ደግሞ የሚያውቀው የአንድ ባዕድ ቁራሽ ብቻ ነው። እንኮዬ የምትባለው ዘብ የምታውቀውን ቁራሽ ግን በዚያች አገር ገና ያየው አልነበረም። ጓደኞቿ ያንን የማይመጣ ባዕድ ሙሽራ አድርገው «እንኮዬ፣ ሙሽራሽ ዛሬም ቀረ?» ይሏታል። «ይመጣል» ብላ መንገዷን ትቀጥላለች።

አንድ ቀን ወደ ሳንባ ሰፈር አንድ እንግዳ መጣ። ድስት የለው፣ ምድጃ የለው፣ እጅ እንኳ የለው። ወለላ ከምትባል የሰፈሩ እመቤት ደጅ ተጠግቶ «የእግዜር እንግዳ ነኝ እናቴ፤ አሳድሪኝ» አላት። ካፖርቱ የሰፈሩን ሰው ካፖርት ይመስል ነበርና አስገባችው።

ከገባ በኋላ ካፖርቱን ጥሎ ምድጃዋን ያዘ። የእሷን ሊጥ አስጥሎ የራሱን አስጋገራት። ከዳቦውም እሱን የመሰሉ እልፍ እንግዶች እየተነሡ ቤቱን ሞሉት። ግድግዳውን ጥሰው ጎረቤት ከገቡ ሰፈሩ ያልቃል፤ ሰፈሩ ካለቀ አይጧም አትተርፍም።

ወለላ እጇ እንደለመደው ከእንግዳው ዳቦ ቁራሽ ቆርሳ ወደ ደጅ ስታመራ እንግዳው «ምን ልታደርጊ ነው?» አላት። የአገሩ ወግ እንደሆነ ነገረችው። እሱም ሳቀ።

«ስቀዪው፤ በዚህ አገር እኔን ማን ያውቀኛል?»

እጀ ብዙ የምትባል መልእክተኛ ነበረች፤ ሥራዋ ያልተለመደ ቁራሽ መልቀም ነው። ከሰፈሩ የለቀመችውን የእንግዳውን ቁራሽ ይዛ ደረት መሀል ወዳለው የዘቦች አደባባይ ሮጠች። «ታውቀዋለህ?» «አላውቀውም።» «እለፍ።» ዘብ ሁሉ እንዲህ እየተጠየቀ አለፈ። እንኮዬ ስትደርስ ጓደኞቿ ሊቀልዱባት አፋቸውን ከፈቱ። እሷ ግን ቁራሹን ትኩር ብላ አየችው።

«እሱ ነው» አለች።

ወዲያው አንዷ እንኮዬ ሁለት ሆነች፤ ሁለቱ አራት ሆኑ፤ ቀጥለውም ሠራዊት ሆነው ወደ ሳንባ ሰፈር ወረዱ።

«ከጓዳሽ ምን አለ?» አለቻት እንኮዬ።

«የራሴ አይደለም» አለች ወለላ።

እንኮዬ አንገቷን ደፋች። እንግዳው እዚያው እንዲቀር ቤቱ ከነባለቤቱ መፍረስ እንዳለበት በቀስታ ነገረቻት። ወለላ የጎረቤቶቿን ደጅ ዞር ብላ አየች። በየደጁ የራሳቸው ቁራሽ ተሰቅሏል።

«እነሱ ገና አልተነኩም» አለች። «ስታፈርሺው ቀስ በይ፤ ፍርስራሹ እንዳይረጭባቸው።»

እንዳለቻት ሆነ። እንግዳው ከነጭፍራው ፍርስራሹ ሥር ቀረ። ጎረቤቶቿ ድንጋዩን ለቅመው አዲስ ቤት ሠሩበት፤ ስሙንም የወለላ ቤት አሉት። አይጧም ዓይኗን ገልጣ ገብሷን መቆርጠም ጀመረች።

ሠራዊቱ ተበተነ። እንኮዬ ግን እዚያው ሰፈር ቀረች። ዘመን አልፎ ያው ካፖርት ለባሽ ተመልሶ፣ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ አንድ ቤት ገባ። የመጀመሪያዋ ቁራሽ ደጅ ላይ ገና እንደተሰቀለች በሩ ተንኳኳ።

«ሙሽራዬ፣ ቆየህብኝ» አለችው እንኮዬ።

ዘርጋው እዚህ ላይ ልጆቹ ስቀው እስኪጨርሱ ይጠብቅና እንዲህ ይል ነበር፦ ጓዳ የሸሸገውን ደጅ ይናገረዋል፤ አንዴ ያወቀ ዘብ አይረሳም።

እኔም አልረሳሁም። ተረቱን ከእሱ ተቀብዬ ለእናንተ አደራ ሰጥቻለሁ። ለልጆቻችሁ ነግራችሁ ስትጨርሱ፣ የዘርጋውን ነፍስ ይማር በሉልኝ።