ለሠርግ የመጣው ጥቁር ሥዕል

አንድ ምላሰኛ ድሃ ነበር፤ ሠርግ ቤት ካልሆነ ጠግቦ የማያውቅ፣ ወጥ ከሸተተው ሦስት ወንዝ የሚሻገር። ባላምባራስ አያልነህ ልጃቸውን ሲድሩ እንደ ልማዱ ሳይጠራ መጥቶ ከዳሱ ጥግ ተቀመጠ።

የባላምባራስ ወንድም ዶክተር ልሳነወርቅ ባሕር ማዶ ጠጉራቸው እስኪሸብት የዘመናዊ ሥዕል ታሪክ ያጠኑ ሰው ናቸው። ለሙሽሮቹ ያመጡት ስጦታ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር የተቀባ ሸራ ነበር። ምስጢሩን ሲያብራሩ ወጡ ቀዘቀዘ፣ ጠጁ ኮመጠጠ፣ ሙሽራው ሊያረጅ ምንም አልቀረው። ምላሰኛው አዛጋ።

ዶክተሩ አዩት። «አንተ! እዚህ ላይ ምን ይታይሃል? አንድ ነገር አየሁ ካልክ ውሸታም ነህ፤ ምንም የለበትም ካልክ ደንቆሮ ነህ። መልስ ካጣህ ሳትቀምስ ትወጣለህ!»

«ይሁን» አሉ ባላምባራስ።

ምላሰኛው ወጡን በሐዘን አየና ተነሣ። «ጌታዬ፣ ይህንማ አውቀዋለሁ፤ የገዛ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ‹ጭንቅላትህ ድቅድቅ ጨለማ ነው› ትለኝ ነበር። የገረመኝ ግን እኔ ፊደል ሳልቆጥር የተወለድኩበት ቦታ፣ እርስዎ ባሕር ተሻግረው፣ ሸብተው መድረስዎ ነው።»

ባላምባራስ በሳቅ እንባቸው እየወረደ ጮማውን ራሳቸው ቆርጠው አጎረሱት። ያ ጉርሻ ከትልቅነቱ የተነሣ እስከ ዛሬ ከጉሮሮው አልወረደም ይባላል።