ከቅጠሉ ሥር ያለው አፈር

አንዲት ሴት ነበረች፤ ቅጠል አብቃይ። አበባ አይደለም፤ ከሙሽራ እቅፍ አበባ ጋር የሚታሰረውን አረንጓዴ ቅጠል በከረጢት እየተከለች ነበር የምትኖረው።

በአካባቢዋ ያሉ አብቃዮች ሁሉ ከተራራው አፈር መዛቅ ይብቃን፣ በቡና ገለባ ብስባሽ እንትከል ብለው ተስማሙ። ሐሳቡን ያመጣችው እሷ ነበረች። ብስባሽ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። እሷ ሳይበስል ተከለችበትና ሥሩ ተቃጠለ፣ ቅጠሉ ገረጣ። አልሆነልኝም ለማለት አፈረች።

ታዲያ ምን አደረገች? ሰው ሳይነሣ አህያዋን እየነዳች ወጣች። ከዳገቱ ወይራዎች ሥር ጥቁሩን አፈር ዛቀች፤ ከረጢቶቿን ሞልታ ከላዩ ገለባ በተነችበት። ቅጠሉ ለመለመ፤ ሁሉም አመሰገናት። እሷም ምስጋናውን ተቀበለች።

ክረምት ገባ። የተራቆተው ዳገት ጎርፉን መያዝ አቃተው። ጎርፉም ወርዶ የጎረቤቷን የጋሽ ይርዳውን የገብስ ማሳ ጠርጎት ሄደ።

ሽማግሌው ሊቆጧት መጡን? አልጠረጠሯትም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደጇ ቆሙ፤ ማሳው ድንጋይ ብቻ እንደቀረው ነገሯት፤ የብስባሹን አሠራር እንድታሳያቸው ለመኗት።

«አፈር የምታከብሪው አንቺ ነሽ፣ ልጄ» አሏት።

ቢሰድቧት በተሻላት። ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች። እሺ ብላ ብታስተምራቸው ማን ያውቅባት ነበር? እሷ ግን አንዱን ከረጢት አንሥታ እግራቸው ሥር ገለበጠችው። ከስሱ ገለባ በታች ጥቁሩ አፈር ተዘረገፈ።

«ጋሼ፣ ዳገቱን ያራቆትኩት እኔ ነኝ።»

አፈሩን አዩ፤ እሷን አዩ፤ ባርኔጣቸውን ደፍተው ሄዱ።

ያ አካሄዳቸው አጥንቷ ድረስ ገባ። ቅጠሏን ነቅላ አፈሩን ወደ ዳገቱ መለሰች፤ አሁን በጠራራ ፀሐይ፣ አገር እያየ፣ አብቃዮቹ እያንሾካሾኩባት። ወይራዎቹ ሥር እርከን መሥራት ጀመረች። አንድ ቀን ጋሽ ይርዳው አካፋ ይዘው መጡ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። ከጎኗ ቆመው ድንጋይ መደርደር ያዙ። እሷም ቀና ብላ ማየት አቅቷት፣ እንባዋ እየወረደ ድንጋይ አቀበለቻቸው።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? የሚታይላችሁ ልምላሜ ከማን ዳገት የተዛቀ ነው? ሰው ሲያመሰግናችሁ ልባችሁ የሚደነግጠው በምን ምክንያት ነው? ያንን ሀፍረት አትሽሹት። ሀፍረት ሰውን የሚጎዳው ሲሸሸግ ነው።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ አትቸኩሉ። የበደላችሁት ሰው ምን እንደሚመልስላችሁ አታውቁም። እሷም አላወቀችም። ሂዱና በሩን አንኳኩ።