እርሾው ከማን ነው?

አንዲት ሴት ነበረች። ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ፣ ከባሏና ከባሏ እናት ጋር የምትኖር፣ ገና ዓመት ያልሞላት ሙሽራ። እስቲ ዓይናችሁን ጨፍኑና አብረናት በረንዳው ላይ እንቀመጥ።

ሙሽራዋ ታማለች። ሐኪሙ "ሴሊያክ ይባላል፤ ስንዴና ገብስ አንጀትሽን ያቆስላሉ። ቅንጣቷም ትጎዳሻለች። ጤፍ ግን ብዪ" አላት። ደስ አላት። ጤፍ ካለ ምን ቀረባት?

አማቷ እማማ ይርገዱ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ጤፉን ራሳቸው ነፉ። ወፍጮ ቤት ሄደው "ገብስ በፈጨህበት እንዳትፈጭልኝ" ብለው ተጣሉ። ዳቦ ከቤቱ ወጣ። ታዲያ ልጅቱ ዳነች? አልዳነችም። ከምሳ በኋላ ሆዷ ይነፋል፣ ቀሚሷ በየሳምንቱ ይሰፋታል። ሐይቁን ስታይ ጉሙም፣ ጀልባውም፣ የሰዉም ድምፅ ከሩቅ ይመጣባታል። በሕልምና በእውን መካከል ትኖር ነበር።

ሕመም ብቻውን አይመጣም፣ ጥርጣሬ ያስከትላል። "አንድ ነገር እያደረጉብኝ ይሆን?" አለች በልቧ። ጉርሻ ሲዘረጋላት ፊቷን አዞረች። እማማ ይርገዱም "የኔ እጅ ነው የማይስማማሽ?" ብለው ተከፉ። በነጋታው ወደ እናቷ ልትሄድ ልብሷን በሻንጣ ከተተች።

ያን ቀን ከሰዓት በረንዳው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። በሕልሟ በደረሰ የገብስ ማሳ ውስጥ ትሄዳለች። ነፋሱ ማሳውን ቀስ አድርጎ ያወዛውዘዋል፣ ያምራል። ግን በተራመደች ቁጥር የገብሱ ጢም ሆዷን ይወጋታል። ባነነች። እማማ ይርገዱ ጣሳ ይዘው ከጎረቤት ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ደርሰዋል።

"እማማ፣ በሕልሜ ገብስ አየሁ።"

"በዚህ ቤት ገብስ ከየት መጥቶ፣ ልጄ?" አሉና ጣሳውን አዩት።

ጣሳው ውስጥ ምን ነበር? እርሾ። "የኛ ቶሎ አያቦካም" እያሉ በየጊዜው ከጎረቤት የሚያመጡት እርሾ። ጎረቤቲቱ ደግሞ ጤፏን ከገብስ ቀላቅላ ነው የምትጋግረው።

"እርሾ እኮ እህል አልመሰለኝም" አሉ። "በገዛ እጄ፣ ልጄን።" ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ልጅቱም አለቀሰች፣ ጠርጥራቸው ነበርና።

እርሾውን ደፉት። አዲስ ባልዲ ተገዛ። የጤፍ ዱቄት በውሃ ብቻ ተበጠበጠ፣ ራሱ እስኪቦካም ቀናት ጠበቁ። እስከዚያ ድንች ቀቅለው አብረው በሉ።

ወገኖቼ፣ እናንተ ወንዶች አትሳቁ። እርሾ ምን እንደሆነ የማታውቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ቤት ስትገቡ ጠይቁ።

ዱቄታችሁ መልካም ነው። ትጾማላችሁ፣ ትጸልያላችሁ፣ ለድሀ ትዘረጋላችሁ። ታዲያ ቤታችሁ ለምን ታመመ? ያን ንጹሕ ዱቄት የምታቦኩት በምንድን ነው? ከጎረቤት ባመጣችሁት ሐሜት አይደለም? ከአባታችሁ በወረሳችሁት ቂም አይደለም? "ይቺ ደግሞ ምን አላት" ትሉ ይሆናል። እማማ ይርገዱም እርሾዋን ከቁም ነገር አልቆጠሯትም ነበር። በማዕዳችሁ ላይ "ይህን አልበላም" የሚል ሰው ቢኖርስ? አትኩረፉ። የሚጎዳውን ጠይቁት።

አዲሱ እንጀራ የወጣ ዕለት እማማ ይርገዱ ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ። ልጅቱ እጃቸውን አየች። "እማማ፣ እርሾው ከማን ነው?" አለች።

"ካንቺው ባልዲ፣ ልጄ።"

አፏን ከፈተች። ሻንጣውም ባዶውን ቁም ሣጥን ላይ ወጣ።

እናንተስ? ዛሬ ማታ የምታጎርሱት ሰው ይህንኑ ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ?