የቁንጫዋ እግርና ሁለቱ ማይክሮስኮፖች

ጆሯችሁን ወዲህ በሉ! አንተ ደግሞ ማዛጋትህን ተውና ስማኝ።

ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ትርንጎ የምትባል ቁንጫ ነበረች። አንድ የቅማል ጎረምሳ ወደዳት፤ እሷም እንቅልፍ እስኪነሳት ወደደችው። ሽማግሌ ተላከ፣ ቀን ተቆረጠ። ምን ያደርጋል! የልጁ እናት እመት ቅማል፣ “እግሯ ፀጉራም ነው አሉ። ታይቶ ካልተረጋገጠ ልጄን አልድርም!” ብላ ድርቅ አለች።

ትርንጎ አልቅሳ አልቅሳ፣ እየዘለለች ወደ ላቦራቶሪ ሄደች። እመት ቅማልም በዓይኔ ካላየሁ ብላ እየተጎተተች ተከተለቻት።

በሩ አጠገብ በመብራት የሚያየው አሮጌ ማይክሮስኮፕ አጎንብሶ ተቀምጧል።

“ጋሼ፣ እግሬን ይዩልኝ።”

“ነይ ልጄ፣ መስታወቱ ላይ ውጪ። እንዳትዘይ!”

ዘለለች።

“ኧረ አትዝለይ!”

ዘለለች።

“ኧረ በፈጠረሽ!”

እንደ ምንም ቆመች። ከሥር መብራቱን አበራባት። “ውይ ስታምሪ! መልክሽ ቀይ ዳማ። ልብሽም ድው ድው ሲል ይታየኛል፤ አንቺስ ፍቅር ይዞሻል!”

“እግሬስ?”

“እሱ ላይ ዓይኔ ይደበዝዛል። እንዲያ የቀጠነ ነገር አልለይም፣ ምን ልዋሽሽ።”

“ደበቀላት! ሽማግሌው ደበቀላት!” ብላ ጮኸች እመት ቅማል።

ይኼኔ ቁም ሣጥን የሚያህለው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከወዲያ ጥግ ጉሮሮውን ጠረገ። “እኔ ጋ ትምጣ! ፀጉሯን አንድ በአንድ እቆጥረዋለሁ።”

“እንዴት አድርገው ጌታዬ?” አለች ትርንጎ።

“መጀመሪያ አደርቅሻለሁ።”

“ከዚያስ?”

“ወርቅ እቀባሻለሁ።”

“ወርቅ! ከዚያስ?”

“ሆዴ ውስጥ አስገብቼሽ አየሩን ሙጥጥ አድርጌ አወጣለሁ።”

“ታዲያ በምን እተነፍሳለሁ?”

“መተንፈስ? እኔ ቤት ገብቶ የተነፈሰ የለም። እኔ የምወደው ጸጥ ያለ እንግዳ ነው።”

ትርንጎ አንዴ ወደ በሩ ዘለለች፣ አንዴ ወደ ኋላ ዘለለች። ብትገባ ትሞታለች፤ ባትገባ ልጁን ታጣለች። ምን ይሻላታል?

እመት ቅማል ግን ከወሬው ሁሉ የሰማችው ወርቁን ብቻ ነው። በክርኗ ገፋ አደረገቻት። “ዞር በይ! እኔ አማትሽ እያለሁ አንቺ ወርቅ ልትለብሺ?”

“እማማ፣ ኧረ ውስጡ አየር የለም!”

“ቅናት ነው!”

“እማማ፣ ይሞታሉ!”

“ምቀኛ!” ብላ ገባች። በሩም ተዘጋ።

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወጣ። ለጋብቻው የተላኩት ሽማግሌዎች ፎቶው ሲመጣላቸው አዩና እርስ በርስ ተያዩ። የእመት ቅማል እግር ከላይ እስከ ታች ፀጉር በፀጉር ነው!

ከዚህ በኋላማ የትርንጎን እግር ማን ያንሳ? ለቅሶውና ሠርጉ ባንድ ድንኳን ሆነ። እመት ቅማል ወርቋን እንደለበሰች የክብር ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ በሕይወት ዘመኗ ያልሆነላትን፣ ያን ቀን ማንንም ሳታማ ዋለች። ትርንጎ ከልቧ አለቀሰችላት፤ ስታለቅስም ትዘል ነበር።

እናንተም ልጆቼ፣ ማንም መጥቶ “ወርቅ አልብሼ አንድም ሳይቀረኝ ልያችሁ” ቢላችሁ፣ መጀመሪያ “በሕይወቴ ነው ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ።