አቶ ላቀው የያዙት ቦታ

አንዲት ሴት ጠዋት ቢሮዋ ገባች። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አንጠለጠለች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ኮምፒውተሯን አበራች። አልሠራም። ሶኬቱን ነቅላ መልሳ ሰካች። አልሠራም። ከጎኑ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። አሁንም አልሠራም።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? “ተመስገን፣ ዛሬ ሥራ የለም” የምትሉ እንዳላችሁ ከፊታችሁ እያነበብኩ ነው። እሷ ግን እንዲህ ማለት አልቻለችም። ለምን እንዳልቻለች ልንገራችሁ።

ታሪኩን ያጫወተችኝ ራሷ ናት። ስምሽን ጠርቼ ልናገረው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። “ይጥሩት፤ ጥፋቴን ግን እንዳይዘሉት” አለችኝ። እታፈራሁ ትባላለች። የምትሠራው ቆላ ውስጥ፣ አዋሽ ዳር፣ ጎርፍ ሳይደርስ ለሕዝቡ በሚያስታውቅ አንድ ትንሽ ቢሮ ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ ከላይ ያሉት መለኪያዎች የወንዙን ከፍታ ይልኩላታል። ኮምፒውተሯ ላይ ያለው ፕሮግራም ያንን ተቀብሎ ውሃው ታች ያሉት መንደሮች ጋ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ያሰላል። ከዚያ እሷ ስልክ ታነሳለች።

በዚያ ጫፍ ስልኩን የሚቀበሏት አቶ ያዮ ይባላሉ፣ የአንዱ ቀበሌ ሊቀ መንበር ናቸው። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ልማድ አላቸው፤ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቆሞ ያየውንና የሰማውን ይለዋወጣል፣ ያም ለሚቀጥለው ያቀብላል። ወሬው በግማሽ ቀን በረሃውን ያዳርሳል። ታዲያ በዳጉ ያላረጋገጡትን ማውራት ትልቅ ነውር ነው። እታፈራሁ ለአቶ ያዮ አንድ ሰዓት ከተናገረች ያ ሰዓት በየመንደሩ ይደርሳል፣ ሰው ከነከብቱ ከወንዙ ዳር ይነሳል። ካልተናገረች ማንም አይነሳም።

ያ ጠዋት የነሐሴ አጋማሽ ነበር። ደጋው ላይ ለሦስት ቀን ሳያባራ ዘንቧል።

አሁን ስለ ኮምፒውተሩ ጥቂት ልበላችሁ። አትሳቁብኝ፣ እኔ ስልኬን ራሱ ልጄ ናት የምታስተካክልልኝ፣ ይህንንም እታፈራሁ ሁለት ጊዜ አስረድታኝ ነው የገባኝ። ቤት ውስጥ ፊልም የምታዩበት ዓይነት አይደለም። ዩኒክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራ፣ ለከባድ ስሌት የተዘጋጀ ነው። የዚሁ ዓይነት ሌላ አዲስ ኮምፒውተር ተልኮላት ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከነካርቶኑ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጧል። አሮጌው እየሠራ ለምን እነካካለሁ ብላ ነው። ስንቱ በረከት ከነካርቶኑ ቤታችን ተቀምጧል? እሱን ሌላ ቀን እናነሳዋለን።

ካርቶኑን ቀደደች፣ አዲሱን አቆመች። የጎርፉን ፕሮግራም እዚያ ላይ ለማሠራት ግን መጀመሪያ ሌላ ሶፍትዌር መጫን አለበት። ባለሙያ የጻፈውን ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ወደሚገባው ቋንቋ የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ሲዲውን ከመሳቢያ አውጥታ ጫነችው። እስከ ምሳ ሰዓት ፈጀባት። “ተጭኗል” አላት። ደስ ብሏት ከፈተችው። “ላይሰንስ የለም” አላት።

ይህ መሣሪያ ያለ ፈቃድ ንቅንቅ አይልም። ተጭኗል፣ ግን አይሠራም። ገብቷል፣ ግን አያገለግልም። አንዳንዶቻችን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲሁ አይደለን? ይቅር፣ ታሪኩን ልቀጥል።

ያላት ፈቃድ የአሮጌው ኮምፒውተር ነው። ግልባጩን አመጣችና አዲሱ ላይ አስቀመጠችው። አዲሱ አልተቀበለውም። እያንዳንዱ ማሽን የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ደግሞ የሞተው ማሽን ቁጥር ነው። “ይህ ለሌላ የተሰጠ ነው” አላት።

እና እንዳይዘሉት ያለችኝ ጥፋት ይኸው። ፋይሉን ከፈተች፣ የአሮጌውን ቁጥር አጠፋች፣ በቦታው የአዲሱን ጻፈች። ማን ያያል? አንድ መስመር ናት። ነገር ግን ፈቃዱ መጨረሻ ላይ እንደ ማኅተም የሚያገለግል ረጅም የቁጥርና የፊደል ድርድር አለ። ከላይ አንዲት ነጥብ ከተነካች ማኅተሙ አይገጥምም። ማሽኑ ፈቃዱ ተነካክቷል ብሎ ጭራሽ ዘጋባት። ልመልሰው ስትል ደግሞ በድንጋጤ የቱን ከየቱ እንደቀየረች ጠፋባት።

ለምን ዋናው መሥሪያ ቤት አልደወለችም? አፈረች። ቅርንጫፍ ያሉ ሰዎች ዕቃ ያበላሻሉ ይባላል፣ እሷም አበላሽታ ተገኘች። ያን ቀን ዋለች፣ በነጋታውም ጠዋት ለብቻዋ ስትታገል አረፈደች። ስክሪኑ ላይ ላይሰንስ የለም የሚለውን ስንት ጊዜ እንዳነበበችው አታውቅም።

አቶ ያዮ ደወሉ። ሰላምታቸው እንደ ወትሮው ረጅም ነው። ልጆቹ፣ ፍየሎቹ፣ ግመሎቹ፣ ሁሉም ተጠየቁ። ከዚያ ውሃው እንዴት አደረ አሏት። እታፈራሁ ሙሉ እንደሆነ፣ ነገ ከሰዓት በኋላ የሚደርስ እንደሚመስላት ነገረቻቸው።

አቶ ያዮ ግን እንዲህ አሉ፦ “እህቴ፣ ይመስለኛልን ለሰው አላቀብልም። የምታውቂውን ንገሪኝ።”

ስልኩን ዘጋችና አለቀሰች። ከዚያ ኀፍረቷን ዋጥ አድርጋ አዲስ አበባ ደወለች።

ያነሳው ቶሎሳ የሚባል ባለሙያ ነው። መምጣት እንደማያስፈልገው፣ በኔትወርክ ካለበት ሆኖ ማሽኗ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ነገራት። ግን በሩን ከውስጥ መክፈት ያለባት እሷ ናት፤ እሷ ካልፈቀደች አይገባም። የነገራትን ጻፈች፣ ፈቀደች። ገባ። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊደሎቹ ራሳቸውን ስክሪኑ ላይ ሲጽፉ ታያለች። የት እንደሚሄድ ታውቃለች። ወደዚያ ፋይል ነው የሚሄደው።

“ወይዘሮ እታፈራሁ” አላት። “ይህን ቁጥር ማን ነው የቀየረው?”

መብራት ነው ልትል ትችል ነበር። በዚህ አገር መብራት ያልተሸከመው ጥፋት የለም። “እኔ ነኝ” አለች።

“እሺ” አለ ቶሎሳ። አልተቆጣም። ፋይሉን ሙሉ በሙሉ ሰረዘው። የነበራት እሱ ብቻ ነዋ! ይህ እንደማይጠገን፣ ደግሞም እንደማያስፈልጋት ነገራት። በምትኩ አንዲት አጭር መስመር ጻፈ። የዋናው መሥሪያ ቤት የትልቁ ኮምፒውተር አድራሻ ናት፤ ትርጉሟም “ፈቃዴን ከዚያ ጠይቅ” ነው።

ማሽኑ ጠየቀ። ተፈቀደለት።

እታፈራሁ ማመን አቃታት። በስማችን ፈቃድ እዚያ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ቶሎሳ መዝገቡን አየና፣ ለዚያ ቢሮ አንድ ቦታ፣ ማለትም የአንድ ማሽን ፈቃድ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ጀምሮ ተይዞ እንደተቀመጠ፣ ማንም ተጠቅሞበት እንደማያውቅ ነገራት። ያስያዙት አቶ ላቀው ናቸው፣ ከእሷ በፊት እዚያ ወንበር ላይ የነበሩት። ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር ሲቀራቸው ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ቶሎሳ አነበበላት፦ “ማሽኑ ያረጃል፣ ሠራተኛውም ይለወጣል። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው፣ በየትኛውም ማሽን ቢሆን፣ ሲጠይቅ እንዲያገኝ ይሁን።”

ፕሮግራሙ ተነሳ። የወንዙን ከፍታ ተቀበለ፣ አሰላ። ውሃው የሚደርሰው እሷ እንደመሰላት ነገ ከሰዓት በኋላ አልነበረም። ዛሬ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቷን አየች። አምስት ሰዓት ሆኗል።

ለአቶ ያዮ ደወለች። ሰላምታውን ለመጀመሪያ ጊዜ አቋረጠቻቸው። “ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት። አውቃለሁ” አለች። ሌላ አልጠየቋትም። ዳጉው ወጣ። ሰው ከሰው ተቀባበለ፣ እናቶች ሕፃናቱን አዘሉ፣ ከብቱ ወደ ከፍታው ተነዳ። ውሃው ከአሥራ አንድ ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ መጣ፣ ያደሩባቸውን ጎጆዎች ጠርጎ ወሰደ። ሰው አልወሰደም። እንቢ ያለ አንድ አህያ ብቻ ቀረ፣ እሱም በነጋታው ዛፍ ተደግፎ ቆሞ ተገኘ።

እታፈራሁ የአቶ ላቀውን ስልክ አፈላልጋ ደብረ ብርሃን ደወለችላቸው። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። የትኛውን ደብዳቤ ነው የምትይኝ አሉ፤ ረስተውታል። ቶሎሳ ያነበበላትን ስትደግምላቸው “ልጄ፣ ስምሽን አላውቅም ነበር። አንድ ሰው እንደሚቸገር ግን አውቅ ነበር” አሏት።

ወገኖቼ፣ ይህን ከሰማሁ ወዲህ አላስተኛኝም።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ዛሬ የምትኖሩበትን ማን ያዘላችሁ? እያለቀሳችሁ ገብታችሁ ተምራችሁ የወጣችሁበትን ትምህርት ቤት፣ የተወለዳችሁበትን ክሊኒክ፣ የምትጠጡትን የቧንቧ ውሃ እንድታገኙ ስማችሁን ሳያውቅ ደብዳቤ የጻፈላችሁ ማን ነው? ይህን የተቀመጣችሁበትን አግዳሚ ማን ሠራው? አታውቁም። እኔም አላውቅም ነበር። ሰባት ዓመት ፊት ለፊቱ ቆሜ ሰብኬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። በዚህ ሳምንት አፍሬ ጠየቅሁ። ጋሽ ሽብሩ ናቸው የሠሩት፣ ሁሉንም በገዛ እጃቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ያው ከኋላ በስተግራ፣ ከራሳቸው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ስላዘገየነው ይቅርታ።

እናንተም ከዚህ ስትወጡ ቦታ ለያዘላችሁ ሰው ደውሉ። አሁን አይደለም፣ ስልኩን መልሺው እህቴ፤ ስትወጪ። ያ ሰው ረስቶት ይሆናል። እናንተ አስታውሱት። አንድ ቀን ደግሞ ስማቸውን ለማታውቋቸው ሰዎች እናንተም አንድ ደብዳቤ ጻፉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ስንቶቻችን ነን እግዚአብሔር ፊት ከመቅረባችን በፊት ፋይሉን የምናስተካክል? የእናቴ ጸሎት አለ እንላለን፣ የእሷን ስም አጥፍተን የራሳችንን እንጽፍበታለን። አይገጥምም። ጥፋታችንን ሰርዘን ደህና ቁጥር እንተካበታለን። አይገጥምም። ከዚያ አፍረን በሩን ዘግተን እንቀመጣለን። ውሃው እየመጣ፣ ከእኛ ቃል የሚጠብቅ ሰው በዚያ ጫፍ ስልክ ይዞ ቆሞ፣ እኛ ፋይል እንነካካለን። እስከ መቼ? በሩን ክፈቱለት። ማን ቀየረው ሲላችሁ እኔ ነኝ በሉ። ከዚያ በላይ የጠየቃችሁ ነገር የለም። ቦታው ተይዟል፣ ጠይቁ ብቻ።

አቶ ላቀው ለእታፈራሁ ቦታ የያዙላት ስሟን ሳያውቁ ነው፣ እሷም እስከ ዛሬ ታመሰግናቸዋለች። የእናንተን ቦታ የያዘው ግን ስማችሁን ያውቃል። የነካካችሁትንም ቁጥር ያውቃል። እያወቀ ነው የያዘላችሁ።